ጎርሶ የማይተፋው ሽጉጥ

ሽጉጥ ክፉኛ አናዶኝ የሚያውቀው ተበላሽቶብኝ ሳይሆን አልበላሽም ብሎኝ ነው። ነገሩ የእብድ ወሬ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ታገሡኝና ስሙት፤ በዚያ ሽጉጥ ጤንነት የተነሳ አንድ ሰው ሊሞት ነበር።

በደርግ ዘመን፣ የሶማሌ ጦርነት ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ጎባ ውስጥ የፖሊስ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ፣ ጠባዬ ደግሞ ሚስቴ እንደምትለው እሳት ላይ የተረሳ ድስት ነው። አያቴ ከሰሜን መጥተው ባሌ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን እዚያው ጎባ ተወልጄ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል እየተናገርኩ አደግሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። የሚያቃጥለኝ መሣሪያውን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። የመሣሪያ ባለቤት እውነቱን አይነግራችሁም። ጠመንጃውን ዱላ አድርጎ በሬ ሲነዳበት ይከርምና «እንዲሁ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ተሰበረ» ይላችኋል። አንዱማ አፈሙዙ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ አግኝቼበት «ከፋብሪካው ነው» ብሎኝ ያውቃል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የጣቢያችን አዛዥ ሻለቃው አስጠሩኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የጓድ ኡስማንን ነገር ሰምተሃል?»

ጎባ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ጓድ ኡስማን የአውራጃው ካድሬ ነው፤ የባሌ ልጅ፣ ገና ወጣት፣ ንግግር የሚችል፣ በየስብሰባው ስለ ኋላ ቀር ልማድ አንስቶ የማይጠግብ። ሃረና ወርዶ የጫካ ቡና ለቃሚዎችን በማኅበር ተደራጁ ሲል ሰንብቶ ብቻውን እየነዳ ሲመለስ፣ ሳነቴ ተራራ አናት ላይ የላንድሮቨሩ ጎማ ተነፈሰበት። ጎማውን ሲቀይር ከብት ዘራፊዎች ደረሱበት። ማካሮቭ ሽጉጡን መዝዞ አንድ ጊዜ ተኮሰ፤ ሰዎቹ መሬት ላይ ተኙ። ሁለተኛውን ሊተኩስ ሲል ሽጉጡ ጸጥ አለ። የተተኮሰው ቀለህ አልወጣ፣ ቀጣዩ ጥይት አልገባ። ዘራፊዎቹ ቀና ብለው ሲያዩ ሰውየው ከሽጉጡ ጋር ትግል ይዟል። ተነስተው አቧራቸውን አራገፉ፤ ካፖርቱንና ጫማውን አስወለቁት። ሽጉጡን አገላብጠው አዩትና «ይሄስ ለራስህ ይሁንህ» ብለው መለሱለት። ጓድ ኡስማን ጎባ የገባው በካልሲ ነው። ነዳጅ ማደያው ደጃፍ ሲወርድ ያየው ሁሉ ላላየው ነገረ።

«አጃቢው ሁሴን ነው ሽጉጡን የሚወለውልለት» አሉ ሻለቃው። «በዚያ ጉዞ የወንድሜ ሠርግ ነው ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ቀርቷል። ጓድ ኡስማን ይሄ አሻጥር ነው፣ ሆን ብሎ ነው ያበላሸብኝ እያለ ነው። ከበላይም ጠይቀውኛል። ሐሙስ መልስ እሰጣለሁ። መልሱን የምትነግረኝ አንተ ነህ።»

«ሁሴን የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ታስሯል። አሻጥር ነው ከተባለ ግን ከእጄ ይወጣል።»

ከእጃቸው የወጣ ሰው የት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ሽጉጡን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድኩና ጠረጴዛዬ ላይ ፈታታሁት። የተናደድኩት ገና ያን ጊዜ ነው። ንጹሕ ነበር! ሐኪም ቤት ለመሄድ ገላውን እንደታጠበ ሰው እያንዳንዷ ብረት ተፈግፍጋለች። የጭስ ቅሪት የለ፣ አቧራ የለ፣ የዘይት ጠብታ እንኳ የለ። በሽታ አግኝልኝ ብሎ የላከ ሰው ምልክቱን ሁሉ አጥቦ ነው የላከልኝ።

ይህን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ሥራው መጉረስና መትፋት ነው። እጀታው ውስጥ ባለው ካዝና ሥር ያለ ሞላ ጥይቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ላይኛው ብረት ወደ ፊት ሲመጣ ጥይቱን እየገፋ ያጎርሰዋል። ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት አንዲት ትንሽ ጥፍር ባዶውን ቀለህ ጎትታ ታወጣና ሽጉጡ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ጎርሶ አልተፋ ካለ፣ እኛ «ነከሰ» የምንለው ነው፣ ወይም ሞላው ደክሟል፣ ወይም ጥፍሯ ተሸርፋለች፣ ወይም የካዝናው ከንፈር ተጣሟል፣ ወይም ጥይቱ አርጅቷል፣ ወይም የያዘው ሰው እጅ ልል ነው። ሌላው ሁሉ ቆሻሻ ነው።

ሞላውን ከአዲስ ሞላ ጋር አነጻጸርኩት፤ እኩል ነው። ጥፍሯን በአጉሊ መነጽር አየኋት፤ የድመት ጥፍር ናት። የካዝናው ከንፈር ቀጥ ብሏል። ከክፍሌ በስተጀርባ ባለው የአፈር ክምር ላይ ተኮስኩበት፤ አንዱንም ሳይስት ጎርሶ ተፋ። ከራሱ ከጓድ ኡስማን የጥይት ከረጢት ወስጄ ሞከርኩ፤ ተፋ። እጄን አላልቼ እንደ ልጃገረድ ሰላምታ ያዝኩትና ተኮስኩ፤ ተፋ። ቀለሆቹ በቀኜ በኩል እንደ ዶሮ ጥሬ ተበተኑ። ማክሰኞም ይኸው ሆነ። ሽጉጡን «አንተ ከይሲ፣ አንዴ እንኳን ንከስ!» ብዬ ስጮህበት ጎረቤት ክፍል የነበሩት ጸሐፊ በር ከፍተው አዩኝ።

የሚያሳብደው ይሄ ነው። እኔ ሽጉጡ ላይ ጉድለት ባላገኘሁ ቁጥር ገመዱ ሁሴን ላይ ይጠብቃል። ሽጉጡ ጤነኛ ከሆነ ያን ቀን እንዳይሠራ ያደረገ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከሁሴን ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ሄጄ አነጋገርኩት። ሁሴን ከአጋርፋ በኩል የመጣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለሰው ዓይን የሚያፍር ልጅ ነው። የፊጥኝ አስረው ግድግዳ ሥር አስቀምጠውታል።

«ሁሴን፣ ሽጉጡን ምን ምን ታደርገዋለህ?»

«እወለውለዋለሁ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«በምን?»

«በጨርቅ... በናፍጣ።»

«ከዚያስ ምን ትቀባዋለህ?»

ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና ወደ በሩ አየ።

«እኔ ምንም አልቀባም። ወላሂ፣ እኔ ምንም አልቀባም።»

«ታዲያ ለምን ነከሰ?»

«ረቢ ነው የሚያውቀው።»

«ፈጣሪ ሐሙስ ሻለቃው ፊት ቀርቦ አይመሰክርልህም! አንተ ነህ የምትናገረው!» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ። የሚያውቀው ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ ያም ይበልጥ አንጀቴን አሳረረው። ሰው ራሱን ሊያድን በሚችል ነገር ላይ እንዴት አፉን ይዘጋል?

ጓድ ኡስማን ዘንድም ሄድኩ። አዲስ ጫማ አድርጓል።

«ጓድ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሽጉጡ ታጥቦ ነበር። ማን አጠበው?»

«እኔ ነኛ። መሣሪያ ቆሽሾ ወደ ጥገና ይላካል እንዴ?»

«ሲያጥቡት ውስጡ ምን ነበረበት?»

«ምን ይኖርበታል?» አለና ተቆጣ። «አንተ ማንን ነው የምትመረምረው? ወንጀለኛው ታስሯል፤ አሻጥሩን ፈልግ!»

«ያን ቀን እንዴት ይዘውት ነበር? አንዳንዴ እጅ ሲላላ...»

«እጅህ ላልቷል ነው የምትለኝ?» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ቶሎ ብዬ ወጣሁ። ያን ጊዜ ለካድሬ እጅህ ልል ነው ማለት ጥሩ አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት ሻለቃው ዘንድ ቀረብኩ።

«መሣሪያው ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የታመመው ሁሴን ነዋ!»

«ጌታዬ፣ የነከሰው ሳነቴ ላይ ነው። እዚያ ብርዱ ሌላ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚያድረው። እዚያው ወስጄ ልሞክረው። ሁሴንም ይምጣ፣ እንዴት እንደሚወለውል ዓይኔ እያየ ያሳየኝ።»

ከልቤ የማምንበት ሐሳብ አልነበረም። ጊዜ መግዛቴ ነው። ሻለቃው አሰቡና «ነገ ጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት መልስ እፈልጋለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጓድ ኡስማን ላንድሮቨሩን ይዞ መጣ። እኔም ካልሄድኩ አለ። ካዝናውን እኔ በገዛ እጄ ሞልቼ ሽጉጡን ልታጠቅ ስል «የእኔን መሣሪያ ሌላ ሰው አይታጠቅም» ብሎ ተቀበለኝና ወገቡ ላይ አደረገው። ሁሴን ከኋላ፣ እኔ ከፊት ከጓድ ኡስማን ጎን ተቀመጥን። ከከተማው ወጥተን መንገዱ ሽቅብ ከመያዙ በፊት ከአንድ ግቢ በር ላይ መኪናውን አቆመ።

«እናቴን ሰላም ብዬ ልምጣ» አለና ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ቀነሰ። «እሱን ብርድ ልብስ አልብሰህ አስተኛው። እንዳታየው፤ ትደነግጣለች።»

አለበስኩት። ጓድ ኡስማን ገባ። ቆየ። አንድ ሰላምታ ይህን ያህል ይቆያል? ከብርድ ልብሱ ሥር ሁሴን ተንቀሳቀሰ።

«ሃምሳ አለቃ...»

«ምንድን ነው?»

«አንድ ነገር...» አለና ተወው። «ምንም። በረደኝ።»

«ሁሴን፣ አንድ ቀን በንዴት እኔው ራሴ ነው የምገድልህ!» አልኩት። የልቤን ነው።

ጓድ ኡስማን ሲመለስ ግንባሩ ያብረቀርቅ ነበር፤ መኪናው ጋ ሳይደርስ በመሐረብ ጠረገው። ሽቅብ ወጣን።

ሳነቴን ለማታውቁት፣ ዛፍ የሌለበት፣ ነፋስ የማያርፍበት አናት ነው። ፀሐይ ወጥታ እንኳን አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ከመኪናው ወርደን ለጥቂት ጊዜ ብርዱ ብረቱ ውስጥ እስኪገባ ጠበቅን። ከዚያ ጓድ ኡስማን ሽጉጡን መዘዘና ወደ አንድ ጉብታ ተኮሰ።

ጧ!

ከዚያ ዝም። ቀርቤ አየሁ። ባዶው ቀለህ በግማሽ ወጥቶ በላይኛው ብረት ተነክሶ ቀርቷል። ከሥሩ ያለው ጥይት አንገቱን ደፍቶ ካዝናው ውስጥ ተቀርቅሯል።

«አየህ! አየህ አሻጥሩን!» ብሎ ጓድ ኡስማን በሁሴን ላይ ጣቱን ቀሰረ።

ልደሰት ልናደድ አላወቅሁም። «ጓድ» አልኩት፣ «ሁሴን ከታሰረ ወዲህ ይሄን ሽጉጥ አልነካም። ሰኞና ማክሰኞ፣ ረቡዕም እኔ ጋ ነበር። ዛሬ ጠዋት ካዝናውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከእርስዎ ወገብ አልወረደም።»

ጣቱ ቀስ ብሎ ወረደ።

ሽጉጡን ተቀብዬ መኪናው አፍንጫ ላይ ጨርቅ አንጥፌ ፈታሁት። ጥይቶቹ ሁሉ ነጭ ነገር ለብሰዋል። የካዝናው ሞላ መካከል ያው ነጭ ነገር ረግቶ ተሞልቷል፤ ጥይቱን ሲገፋ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ነው። ላይኛው ብረት የሚሄድበት መንገድም እንዲሁ ተለስኗል። በጥፍሬ ጫርኩና አሸተትኩት።

ቅቤ ነው።

ለጋ ቅቤ! ሙቀት ያለበት ቤት ውስጥ ቀልጦ በየቀዳዳው የገባ፣ ሳነቴ ላይ ሲደርስ እንደ ሻማ የረጋ ቅቤ። ላይኛው ብረት በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ቀለሁን አይተፋም፣ ሞላው ስለታሰረ ቀጣዩን ጥይት አያቀርብም። ሦስት ቀን ሙሉ ጥፍርና ከንፈር ስመረምር የከረምኩት ለዚህ ነው!

ግንባሩ ትዝ አለኝ። ያገሬው እናት ልጇ መንገድ ሲወጣ ግንባሩን ቅቤ ቀብታ ትመርቀዋለች፤ «ሙዳ» ይሉታል። ለልጅም፣ ለአዲስ በሬም፣ ለአዲስ ቤትም ይደረጋል። ለማካሮቭ ሲደረግ ግን ሰምቼ አላውቅም።

«እናትዎ ናቸው?» አልኩት።

ጓድ ኡስማን ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጉብታው አፈጠጠ። «ሽጉጥ ከታጠቅሁ ጀምሮ...» አለ በመጨረሻ። «እኔን ብቻ ቀብታ አይሆንላትም። የሚጠብቅህም መቀባት አለበት፣ ውስጡም ውጭውም ትላለች። ጥይቶቹን አንድ በአንድ ቢስሚላህ እያለች... እምቢ ብላት ታለቅሳለች። ቅቤ ብረት የሚያለሰልስ እንጂ የሚያስር አይመስለኝም ነበር።»

«ታጥቦ የመጣውም ለዚህ ነው።»

«ሰው ቢያይ ምን ይለኛል? እኔ በየስብሰባው የምናገረውን ታውቃለህ።»

ወደ ሁሴን ዞርኩ። «አንተስ! ታውቅ ነበር!»

«አውቃለሁ» አለ። «ሁልጊዜ ያን ቅቤ የምጠርገው እኔ ነኝ። ያን ቀን ሠርግ ሄድኩ፣ የሚጠርገው ጠፋ።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም፣ አንተ ድንጋይ!»

«ማን ያምነኛል፣ ሃምሳ አለቃ? ካድሬውን ስም አጠፋ ብለው ሌላ ይጨምሩብኛል። ደግሞ እናታቸው አዴ ኸይሪያ ያበሉኝ ያጠጡኝ ሰው ናቸው። የእናት ምርቃት ፖሊስ ጣቢያ ይወራል እንዴ?» ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔን ግን ሊያነቅዘኝ ነበር።»

ጨርቄን አጣጠፍኩ። አለቀ መስሎኝ ነበር። ጓድ ኡስማን ግን ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ለሻለቃው ግሪስ በዝቶበት በብርድ ረግቶ ነው በላቸው። ውሸት አይደለም።»

«ግሪሱን ማን ቀባው ሲሉኝስ?»

ዓይኑ ሳያስበው ወደ ሁሴን ሄደ፤ ሽጉጡን የሚወለውለው ሁሴን ነዋ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ይሄ ሰው ክፉ አይደለም፤ ሐፍረቱን ለመሸፈን ሌላ ሰው አንስቶ እንደ ነጠላ ሊለብስ ነው።

«ጓድ፣ ያንን አልልም» አልኩት። የተናገርኩት ግማሹን ከንዴት፣ ግማሹን ከፍርሃት ነው።

«አስብበት» አለኝ። «ልጆች አሉህ።»

ቁልቁል ወረድን። አዎ፣ ልጆች አሉኝ። በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ ፊታቸው እየመጣ ይሄዳል።

ወደ እናቱ ቤት ስንቃረብ ጓድ ኡስማን «ሸፍነው» አለኝ።

«ብርዱ አለፈኮ፣ ጓድ» አልኩት። ብርድ ልብሱን እግሬ ሥር ረግጬ ያዝኩት።

ዘወር ብሎ አየኝ። ሊናገር ሲል እናቱ መንገዱ ላይ ቆመው አየናቸው። አዴ ኸይሪያ ልጃቸው ከተራራ ሲመለስ ወተት ይዘው መንገድ ላይ መቀበል ልማዳቸው ነው። ሊያልፋቸው አይችልም፤ ቆመ። ሴትዮዋ አጭር ናቸው፤ በመስኮቱ ተንጠራርተው ልጃቸውን ስመው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ሁሴንን አዩ።

«ያ ሁሴን፣ ሠርግ ሄዷል አላልከኝም?» አሉ በኦሮምኛ። ከዚያ እጁን አዩ። «ሀርከ ኢሳ ኤኙቱ ሂዴ?» እጁን ማን አሰረው ማለታቸው ነው።

ልጃቸው መሪውን ይዞ ቀረ። ሁሴን ጉልበቱን አየ። ከሁለቱ ንግግር ብጠብቅ እስከ ማታ እዚያው ነን። እኔው በኦሮምኛ ነገርኳቸው፤ ሁሴን ሁልጊዜ ቅቤውን ይጠርገው እንደነበር፣ ያን ቀን የሚጠርገው ጠፍቶ እንደረጋ፣ ሽጉጡ እንደነከሰ፣ ሁሴን አበላሸው ተብሎ እንደታሰረ፣ ዛሬ ከሰዓት ፍርዱ እንደሚነገር።

አዴ ኸይሪያ የወተቱን ጮጮ መሬት ላይ አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በሩን ከፍተው እኔን «ወደ ኋላ ሂድ» አሉኝና ከፊት ተቀመጡ።

«ንዳ» አሉት ልጃቸውን።

«አዴ፣ ይሄ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ አንቺን...»

«ቅቤዬን ከግንባርህ ላይ በውሃ አጥበህ ስትደብቀው ዝም አልኩህ፤ ወጣት ነህ፣ ታፍራለህ ብዬ። ሰው ግን አይደበቅም፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ንዳ።»

ነዳ።

ሻለቃው ክፍላቸው ውስጥ አንድ ካድሬ፣ አንድ እስረኛ፣ አንዲት ባልቴትና አንድ ሃምሳ አለቃ ተሰልፈው ሲገቡ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከሸዋ የመጡ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ አይሰሙም። አዴ ኸይሪያም አማርኛው ሰላምታ ላይ ያልቅባቸዋል።

«ምን ይላሉ? ተርጉም» አሉኝ።

«ሽጉጡን የቀባሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ልጃቸውን እንዲጠብቅላቸው። ሁሴን ቅቤውን እየጠረገ ልጃቸውን ሲያተርፍላቸው ኖሯል፤ እሳቸው ይህን ሳያውቁ። ማሰር ከሆነ እኔን እሰሩ፣ እሱን ፍቱት፣ እናቱ አጋርፋ ላይ እየጠበቀችው ነው ይላሉ።»

ልጆቼን እያሰብኩም አንድ ቃል እንኳ አልቀነስኩም። የተናገርኩት የእሳቸውን እንጂ የእኔን አይደለም፤ አስተርጓሚ ያለው መከለያ ይኼው ብቻ ነው።

«እውነት ነው፣ ጓድ ኡስማን?» አሉ ሻለቃው።

አሁን እንኳን ግሪስ ነው ቢል፣ እናቴ አርጅታለች ቢል የሚሆነውን አስቡት። እናቱ ቀና ብለው ፊቱን ብቻ ይመለከቱታል።

«እውነት ነው» አለ። «ሁሴን ምንም አላደረገም።»

ሻለቃው ጣታቸውን ሳያስቡት ወደ ኮሌታቸው ሰደዱ። ከኮሌታው ሥር ማተብ እንዳለ ጣቢያው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያወራውም። «ፍታው» አሉኝ። «ለበላይ፣ ቅባት በብርድ ረግቶ ነው፣ የሰው እጅ የለበትም እላለሁ። ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

ገመዱን ፈታሁ። ደጅ ስንወጣ ጓድ ኡስማን ሁሴን ፊት ቆመና እጁን ዘረጋለት። ሁሴን ቀኝ እጁን ለማንሳት ሞከረ፤ ጣቶቹ አብጠው፣ ጠቁረው፣ አልታጠፍ ብለው ተንጠለጠሉ።

«እጄ ደንዝዞ ነው፣ ጓድ» አለ። «እምቢ ማለቴ አይደለም።»

እውነቱን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አዴ ኸይሪያ ያንን እጅ ተቀብለው በሁለት መዳፋቸው መካከል አድርገው ያሹት ጀመር፤ ልጃቸው የዘረጋው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ መሣሪያ የምመረምርበት መንገድ ተለወጠ። ሰው የተበላሸ ነገር ይዞልኝ ሲመጣ ማን ነካው ብዬ አልጠይቅም። ሻይ አዝዤለት «የምታፍርበትን ነገር ንገረኝ፣ ከእኔ አይወጣም» እላለሁ። አታምኑኝም፤ ግማሹ በሽታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፣ ብረቱን ሳልፈታ። ንዴቴም በረደ ባልላችሁም አቅጣጫ ቀየረ። በሚዋሽ ሰው መናደድ ትቼ እውነት መናገርን ያን ያህል አስፈሪ ባደረገው ነገር መናደድ ጀመርኩ። ያ ንዴት ደግሞ የሚጮኹበት ሽጉጥ የለውም።

ጓድ ኡስማን ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጥቶ በር ላይ ቆሞ «አሁንም ካልቀባሁ ትላለች፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። የቆዳ ማህደሩን ይቀቡልዎት አልኩት፤ ቆዳ ቅቤ ይወዳል፣ እናትም ትረካለች፣ ሽጉጡም ይተነፍሳል። ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁሴን ግን ወደ አጃቢነቱ አልተመለሰም፤ ሮቤ ገበያ ላይ እህል ነጋዴ ሆነ። ሳልፍ ይጠራኛል፣ እንጨዋወታለን፣ ስለዚያ ነገር ግን አናወራም። እህል የሚሰፍረው በግራ እጁ ነው።